ማሰብማ ምን ያስቸግራል?

ቡናው ደርሷልና ጠጋ በሉ። የዛሬው ጨዋታችን የተነሳው ባለፈው እሑድ እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ከጠጣነው ቡና ላይ ነው። ያፈሉት እትዬ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በጽሑፍ ላወጣው ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም፣ የዛሬው ጉዳያችን ደግሞ ፈቃድ ከመጠየቅ የራቀ አይደለም። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የልደታን ደጅ ሳይስሙ አይውሉም። ተወልደው ያደጉት፣ ወልደው የዳሩት እዚሁ ሰፈር ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ባቡሩም ሳይመጣ።

ረከቦቱ ዙሪያ ከተቀመጥነው መካከል ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የጎረቤቴ ልጅ አለች። ሳይኮሎጂ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ተማሪዎቹ ሲኒየር ኤሴይ የሚሉት የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜው ደርሶባታል። አቦሉ እንደ ተቀዳ ከክላሰሯ ወረቀት አወጣችና «እማማ፣ ሰው ጋ ሳልሄድ በፊት እርስዎ ላይ ልሞክረው?» አለች። እትዬም «ጠይቂኝ ልጄ፣ ምን ከፋኝ» አሉ።

ወረቀቱ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። ባለፉት 30 ቀናት የሆነውን «አዎ» ወይም «አይ» እያሉ የሚመልሱት። ስለ ራስ ምታት ይጠይቃል፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ። ልጅቱ ለልምምድ ብላ ጥያቄዎቹን ከእንግሊዝኛው ራሷ ተርጉማቸዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ በሰላም አለፉ። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ «ለማሰብ ይቸገራሉ?» አለቻቸው።

«ማሰብማ ምን ያስቸግራል ልጄ! ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አይደል የማድረው» አሉ እትዬ።

ልጅቱ «አይ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ልታደርግ እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔን አየችኝ፣ መልሳ ወረቀቱን አየች። እውነቷን ነው። እንግሊዝኛው የሚጠይቀው ሰውየው አእምሮው ጠርቶለት፣ ነገር አገናዝቦ ማሰብ ይችል እንደሆነ ነው። በአማርኛ ግን «አስባለሁ» ማለት መጨነቅም ነው። «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ሐሳብ ይዞኛል»፣ «በሐሳብ አለቀች» እንላለን። እትዬ የመለሱት ለሰሙት ጥያቄ ነው፤ እንቅልፍ አጥተው እንደሚያድሩ እቅጩን ነግረዋታል። ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ግን «አይ» ነው የሚሆነው፤ «አይ» ደግሞ በዚያ መጠይቅ ቋንቋ ደህና ናቸው ማለት ነው። የአንዲት እናት ጭንቀት በአንዲት ምልክት ደህንነት ሆኖ ሊመዘገብ ነበር።

ሆድ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሌላ መጣ። አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ጨጓራና አንጀት ምቾት ማጣት ነው። እሷ «ሆድዎን ደስ አይልዎትም?» ብላ ተርጉማዋለች። እትዬ ሲኒውን አስቀመጡት። «ሆዴማ ከባሰው ቆየ» አሉ። ከዚያ ስለ ቀድሞው ግቢያቸው አወሩ፤ አንድ ቧንቧ ለስንት ቤት እንደነበር፣ አራስ ስትኖር ገንፎው ከየት ከየት እንደሚመጣ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ማን ወዴት እንደሄደ። አንዷ ጓደኛቸው ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሄዳ ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች፤ እሳቸው የሰሙት ከተቀበረች በኋላ ነው። ሆድ ያስባሳቸው ይህ ነው። ጨጓራቸው ምንም አልሆነም።

የስሜታችንን ማደሪያ ሆድ ያደረግን ሕዝብ ነን። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሸሻል፣ ሆድ ለሆድ እንተዋወቃለን። ይህን የማያውቅ መጠይቅ ሐዘንን ጨጓራ አድርጎ ይቆጥራል። ለዚህ ነው የተረጎመው ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው፣ እንግሊዝኛውን ያላየ፣ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው የሚደረገው። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተዛነፈው ይታያል። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1970 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ይህን መንገድ አስፋፍቶታል። እኔ ግን እላለሁ፤ ተርጓሚዎቹ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ከሆኑ «ማሰብ»ን ሁለቱም አንድ ዓይነት ይረዱታል። እትዬ ጋ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት የግድ ነው።

አሁን ልጅቱ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰች ላጫውታችሁ። ጥቅምት ላይ ለአማካሪዋ ያቀረበችው ርዕስ በአዲስ አበባ ከተማ የድብርት ስርጭትና መንስኤዎቹ የሚል ነበር። አማካሪዋ አንብበው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «ከቤትሽ ስትወጪ መጀመሪያ የምታገኚው ሰው ማነው?» ብለው ጠየቋት። «እማማ» አለቻቸው፤ ደረጃው ሥር ፀሐይ የሚሞቁትን እትዬን ማለቷ ነው። «ስለሳቸው የማታውቂው ምንድን ነው?» አሏት። በዚያ ቀን መልስ አልነበራትም። ከሳምንት በኋላ ይዛ የሄደችው ርዕስ በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ሰዎች ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነትና የአእምሮ ጭንቀታቸው የሚል ነው። የምታነጋግረው አርባ ሰው ነው። «መንስኤ» የምትለውን ቃል አማካሪዋ በቀይ ሰርዘውባታል። አርባ ሰው አንድ ጊዜ ጠይቆ ከጎረቤት መለያየት ጭንቀት አመጣ ማለት አይቻልም፤ የተጨነቀ ሰው ራሱ ከጎረቤት ይርቅ ይሆናል። ማለት የሚቻለው ሁለቱ አብረው መታየታቸውን ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፤ ጽሑፏ ያነሰ መስሏት። አሁን ግን ያቺን ስርዝ ለሰው ሁሉ ታሳያለች።

አማካሪ ማለት ለኔ ይህ ነው። አሠራሩ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰሙና የተሳካውን ያጸድቁለታል፣ የተሰበረውን ያቃኑለታል፣ አንዳንዴም ሙሉውን መልሰው ይሰዱታል። ቅኔው የተማሪው ነው፤ ማንም አይቆጥርለትም። ግን ሳይነገር፣ ሳይታረም ቅኔ አይባልም። የመመረቂያ ጽሑፍም በዚህ ዓይን ቢታይ ደስ ይለኛል።

እኔም በጊዜዬ እንደ ልጅቱ ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ፤ የት እንደተማርኩ ይቅር። አማካሪዬን በዓመቱ ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ርዕስ ሲጸድቅ፣ አንዴ ኮሪደር ላይ፣ ከዚያ ሊፈረምልኝ ሲል። በእጃቸው ብዙ ተማሪ ነበር። መጠይቄን ብቻዬን ተርጉሜ፣ ማንም ላይ ሳልሞክር አባዝቼ በተንኩ። የተመለሰውን ደመርኩ፣ አካፈልኩ፣ አስጠረዝኩ፣ አስረከብኩ። ውጤቴም ጥሩ ነበር። ባለፈው እሑድ እትዬ «ማሰብማ ምን ያስቸግራል» ሲሉ ያኔ ስንት ሰው እንደሳቸው መልሶልኝ ስንቱን ደህና ብዬ እንደ መዘገብኩ አሰብኩና ውስጤ አዘነ። የሚያርመኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ቡና ይበቃኝ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ባለበት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይና ስልክ እንጨቱ ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ስልክ ቁጥር አለው። ርዕስ ትሰጣለህ፣ ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ተጠርዞ ይመጣልሃል፤ መጠይቁ ተሞልቶ፣ ሠንጠረዡ ተሠርቶ። ማን ሞላው? ማንም። ያልኖረ ሰው ያልተናገረው መልስ ነው። በሌላ ትምህርት የተገዛ ጽሑፍ ስርቆት ነው፤ በሳይኮሎጂ ግን ከዚያም ይከፋል። ነገ ያ ተመራቂ የተጨነቀ ሰው ፊት ተቀምጦ ያዳምጣል ተብሎ ይቀጠራል። ማዳመጥ የሚማርበትን አንድ ዕድል ግን ሸጦታል። ይህን ወረቀት ሳይ በጣም ነው የምናደደው።

ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። ቶናው ሲቀዳ የልጅቱ የክፍል ጓደኛ መጣ። እሱ ልቡ አንጎል ላይ ነው፤ ኒውሮሳይንስ። የአንጎል ምስል የሚያነሳው ማሽን ግን የታመመን ለመመርመር እንጂ ለተማሪ ጽሑፍ የሚገኝ አይደለም። ይህንኑ ብሎ ርዕሱን ሊተው ሲል ያው አማካሪ «ወረቀት፣ ከለርና የሰዓት መያዣ አለህ?» አሉት።

የሰጡት ሥራ ጆን ሪድሊ ስትሩፕ የተባለ አሜሪካዊ ለዶክትሬት መመረቂያው ሠርቶ በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሙከራ በአማርኛ መሥራት ነው። ልጁ ወረቀቱን ዘረጋልን። «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ተጽፏል፣ «ቢጫ» በጥቁር፣ «ጥቁር» በቀይ። የሚጠየቀው ቃሉን ማንበብ አይደለም፤ የተጻፈበትን ቀለም መናገር ነው። ሞክሩት፤ ቀላል ይመስላል። ልጅቱ ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈች፣ አምስተኛው ላይ ተሳሳተች። እኔም ከሷ አልተሻልኩም። ማንበብ የለመደ ሰው ዓይኑ ፊደል ላይ ሲያርፍ ሳያነበው ማለፍ አይችልም፤ ቃሉ ቀድሞ አፉ ላይ ይመጣል። ያን የመጣውን ይዞ አስቀርቶ ሌላውን ለማውጣት ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ይሠራል፤ ያ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። የሰዓት መያዣው የሚለካው ያንን ነው። ማሽን ባይኖርም የአንጎል ሥራ በሰከንድ ይታያል።

እትዬ «እስቲ አምጣው» አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ልጁ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አደረገላቸው። «አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ቢጫ…» እያሉ እንደ ምስር ለቀማ በጣታቸው ተራ በተራ ወረዱበት፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ሁላችን የወደቅንበትን እሳቸው አለፉት። ለሳቸው ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው፤ የሚሟገታቸው ቃል የለም። ልጁ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ «ይኼ ራሱ ፔፐር ነው!» አለ።

በማግስቱ አማካሪያቸው ምን እንዳሉት ልጅቱ ነገረችኝ። በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ማንበብ የማይችሉ ሌሎች ሰዎች ፈልግ። ማንበብ ከሚችሉ እኩዮቻቸው ጋር አወዳድር፤ ሃያ ዓመት ከሞላት ልጅ ጋር አይደለም። ከሁሉም በፊት ቀለም በደንብ መለየታቸውን አረጋግጥ። ደስታውን አልገደሉበትም፤ አቅጣጫ ሰጡት።

«በኛ አገር እንዲህ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ማጥናት ሆኖ ያውቃል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሆኗል እንጂ! ኒውሮሎጂስቱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ነዋሪ ካለበት ማኅበረሰብ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለይተው በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሕዝቡ ስለ በሽታው የሚያምነውንም ጠይቀው መዝግበዋል። በድርቅ ጊዜ ጓያ ብዙ የበላ ሰው እግሩ ለምን እንደሚከዳውም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬው ቤት ድረስ ሄደው ያጠኑት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እዚያው ቡታጅራ ላይ፣ ልጅቱ ቡና ላይ የዘረጋችውን ያንኑ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ይዘው ከ10,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበትን ጥናት መርተዋል። ይህን ስነግራት ወረቀቷን እንደ አዲስ አየችው። እነዚህ ሰዎች በር አንኳኩተዋል፤ በርም ተከፍቶላቸዋል። እኛ ዛሬ ስለ ገጠሩ ሰው ጭንቀት ያለን ዕውቀት የቆመው በነዚያ በተከፈቱ በሮች ላይ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ልቤን የነካውን ልንገራችሁ። ልጅቱ አሥራ ስድስተኛውን ጥያቄ ጨርሳ ወረቀቱን አጠፈችው። «እማማ፣ አንዷ ጥያቄ ትቆየን፤ ሰው በሌለበት ቤትዎ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አለችና ወደ ቀሪዎቹ አለፈች። እትዬ ምንም አላሉም። እኔ ግን መጠይቁን አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል ወይ የሚል ነው።

በኋላ ደረጃው ላይ ጠየቅኋት። አማካሪዋ ይህችን ጥያቄ አስመልክቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስቁመዋት ነበር። ጥያቄዋን ማውጣት አይቻልም፤ ሃያው አንድ ላይ ነው የሚደመረው። ትቶ ማለፍ ካልተቻለ ጠይቆ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። አንድ ሰው «አዎ» ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ? አሏት። «እመዘግባለሁ» አለቻቸው። «ከዚያስ?» አሏት። መልስ እስክታመጣ ድረስ ፈቃዱን አልፈረሙላትም። አሁን ክላሰሯ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። «አዎ» ያለ ሰው ከተገኘ መጠይቁ ይቆማል፤ ሰውየው ብቻውን አይተውም፤ እዚያው ሆና ለአማካሪዋ ትደውላለች፤ እሳቸውም ሰዓቱን ሳይሉ ያነሳሉ። የት እንደሚኬድም ተጽፏል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታላችን የነበረው አማኑኤልም መርካቶ አካባቢ አለ፤ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን አማካሪዋ ራሳቸው አብረዋት ይዞራሉ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ይዛ ብቻዋን በር እንዳታንኳኳ ማድረግ፣ ለኔ አማካሪነት ከዚህ በላይ ምንም የለውም።

ፈቃድም ቢሆን በኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ይሉኝታ አለብን። የጎረቤት ልጅ መጥታ «ይጠየቁልኝ» ብትል «እምቢ» የሚል ማነው? ፈቃድ የተባለው ወረቀት ላይ ይፈረማል፤ ልቡ ግን ያልፈቀደ ይኖራል። ስለዚህ ልጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብላ ወረቀቱን ሰጥታ ትሄዳለች፤ ያልፈለገ በማግስቱ «አልተመቸኝም» ብሎ በክብር እንዲወጣ። ስም አትጽፍም። መሐል ላይ ማቋረጥም ይቻላል። መልሱ ላይም ያው ይሉኝታ አለ። «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ነው ያደግነው፤ የታመመውም፣ የተራበውም፣ ሌሊት ሲያስብ ያደረውም። ምስጋናው እውነት ነው፣ ይቀጥልም። መጠይቁ ላይ ግን ከምስጋናው ቀጥሎ ያለውን ንገሯት።

ልጅቱ ስምንተኛውን ጥያቄ ቀይራዋለች፤ አሁን «ነገር ይምታታብዎታል? ሐሳብዎን መሰብሰብ ያቅትዎታል?» ይላል። እትዬ በዚህኛው «እሱስ አልፎ አልፎ ነው» ብለዋታል። አሥራ ዘጠነኛውም ሆድን ትቶ ጨጓራ ሆኗል። የወረዳው የትብብር ደብዳቤ ደርሷታል፤ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በየብሎካችን ትዞራለች። ሰማያዊ ክላሰር ይዛለች። ልደታ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ በራችሁ ሲንኳኳ ክፈቱላት። ሃያ ደቂቃ ስጧት፣ ቡና ካለም አጠጧት፤ የጠየቀቻችሁ ካልገባችሁም «አልገባኝም» በሏት።